ለ10 እና ለ7 ዓመት ልጆች በእጅ የሚሠራ ሳይንስ ቤት ውስጥ፤ የቱን ልምረጥ?

የጣናዳር_እናት፦

ሰላም ናችሁ? ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 10 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 7። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ ሲከፈት ሲዘጋ ሰለቸኝና ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቤት ውስጥ እያስተማርኳቸው ነው። አማርኛውም ሒሳቡም እንደምንም እየሄደ ነው። ያስቸገረኝ ሳይንስ ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ መጽሐፉን እናነባለን፣ ጥያቄውን ይመልሳሉ፣ አበቃ። ባለፈው ሳምንት ልጄ «ተክል ለማደግ ፀሐይ፣ ውሃ፣ አየርና አፈር ያስፈልገዋል» ብላ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ወረደችልኝ። ወዲያው በረንዳ ላይ የደረቀብኝን ጤና አዳም አሳየኋትና «ይሄስ ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ስላት «እኔ ምን አውቃለሁ» አለችኝ። እንዴ! አሁን የነገርሽኝ ምንድን ነው ታዲያ?

ስለዚህ እየነኩ፣ እያፈሰሱ፣ እየቆረጡ የሚማሩበት ነገር ፈለግኩ። ኢንተርኔት ላይ የውጭ ሆምስኩል ሥርዓተ ትምህርቶች አየሁ። አንዱ ዕቃውን በሳጥን አድርጎ ይልካል፣ ዋጋው በዶላር ነው፣ ማጓጓዣው ሳይጨመር። ሌላው ፒዲኤፍ ነው፣ እሱ ረከስ ይላል፣ ግን የዕቃ ዝርዝሩን ሳየው ግማሹን የት እንደማገኘው አላውቅም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ በረዶ ነው። የእኔ ልጆች በረዶ የሚያውቁት ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ቅጠል ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚረግፍበት ወቅትም አለው፤ እኛ ጋ ክረምትና በጋ ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ለሁለቱም አንድ ላይ የሚሆን ነገር አለ ወይስ ለየብቻ ነው? እኔ ግማሽ ቀን ሥራ እገባለሁ፣ ብዙ ዝግጅት የሚጠይቅ ከሆነ አልችለውም። 6ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና ስላለ ከመንግሥቱ ትምህርት እንድትርቅብኝም አልፈልግም። እባካችሁ «ዩቲዩብ አሳዪአቸው» እንዳትሉኝ። ሞክሬዋለሁ፤ ከሳይንሱ ወደ ካርቱኑ ለመሻገር አራት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው።

ሦስት_ያዥ፦

እህቴ፣ እኔ በሳጥን የሚመጣውን ገዝቼዋለሁ፣ ማለትም ውጭ ያለች ዘመዴ ይዛልኝ መጣች። የመጀመሪያው ወር ሠርግ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ሳልቀሰቅሳቸው ይነሱ ነበር። ከዚያ በሳጥኑ ያለው ዱቄት አለቀ። አንዴ ነው የሚሠራው፣ ለመድገም ሌላ መግዛት ነው። ሦስት ልጅ፣ አንድ ማጉያ መነጽር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ጠብ። አሁን ሳጥኑ ውስጥ የስፌት ዕቃዬን አስቀምጬበታለሁ።

ግን ሙሉ በሙሉ ገንዘቤን አልጣልኩም። ከሁሉም የጠቀመኝ ዕቃው አልነበረም፣ ወረቀቱ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ገና ምንም ሳይነካ «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ግምቱን ይጽፋል፣ ከዚያ ይሠራል፣ ከዚያ ያየውን ይጽፋል። እሱን ያዝኩና ዕቃውን በጓዳዬ ተካሁ።

ለምሳሌ አንዱ ሙከራ ሐምራዊ ጎመን ይላል፣ ኮምጣጤና ሳሙና ለመለየት። እኛ በእርድ ሠራነው። እርድ በውሃ በጥብጠሽ ነጭ ወረቀት ላይ ትቀቢና ታደርቂዋለሽ። የሳሙና ውሃ ጠብ ሲልበት ቀይ ቡኒ ይሆናል። ሎሚ ስትጨምሪበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። የአመድ ውሃም እንደ ሳሙናው ያቀላዋል፣ ይሄን ያገኘችው ትልቋ ልጄ ናት፣ እኔ አልነገርኳትም። ታዲያ መሐል ላይ ቆም ብላ «እማዬ፣ ለካ የአያቴ ነጠላ ለዚህ ነው» አለች። አልጫ የፈሰሰበት ነጠላ በሳሙና ሲታጠብ ቀይ ሆኖ አያቷን ሲያስደነግጣት አይታ ነበራ! ያንን ቀን አልረሳውም። በየትኛው ሳጥን ይገዛል እሱ?

የመምረጫ ዘዴዬን ልንገርሽ። ናሙና ሲሰጡሽ የመጀመሪያውን ትምህርት አትዪ፣ እሱ ሁሌም ያምራል። መሐል ገብተሽ አንዱን አንብቢ። ከጓዳሽና ከሰፈርሽ ሱቅ የማይገኝ ዕቃ ከሦስት በላይ ከሆነ ተዪው። ደግሞ ልጁ ከመሥራቱ በፊት መልሱን አስቀድሞ የሚነግር ከሆነ እሱ ሙከራ አይደለም፣ ምግብ አሠራር ነው።

ጡረተኛ_መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። 1ኛ ደረጃ ላይ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁና የምለው ይኖረኛል።

መጀመሪያ፣ አጥንቱ አለሽ። የክልሉን የአካባቢ ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ያዢ፣ ፈተናውም የሚመጣው ከዚያው ነው። መጽሐፉ የጎደለው ርዕስ አይደለም፣ እጅ ነው። ስለዚህ ሌላ ሥርዓተ ትምህርት ከመግዛትሽ በፊት ከእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ መርጠሽ አሠሪያቸው። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ለሁለቱም አንድ ርዕስ ይሁን፤ ትንሹ ይሥላል፣ ትልቋ ትለካለች።

የውጭውን መጽሐፍ ብትገዢ እንኳ እንዳለ አትመኚው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ብዙዎቹ «ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ይላሉ። ለእነሱ አገር ልክ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 16 ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናታችን አልፋ በስተሰሜን ስለምትሆን ጥላችን ወደ ደቡብ ነው። በሁለቱ ቀኖች አካባቢ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላው ይጠፋል። ነሐሴ ላይ ደመናው አያሳይሽም፣ ሚያዝያን ጠብቂ። ሰዓቱም ልክ 6 አይደለም፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የአገሪቱ ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ፀሐይዋ እኛ ጋ ትዘገያለች። ግቢሽ ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ትከዪ፣ በየሳምንቱ በዚያች ሰዓት የጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ። ወጪው ዜሮ ነው።

ሌላም አለ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪዬ የሚፈላ ውሃ በቴርሞሜትር ለክቶ 94 ብሎ ጻፈ። መጽሐፉን ከፍቶ 100 ሲያይ ሰረዘውና 100 ብሎ አስረከበኝ። ስርዙን አየሁና ልቤ አዘነ። ልጁ ልክ ነበር! ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ያንሳል፣ ውሃም እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከዚያ ወዲህ ደብተር ላይ መሰረዝ ከለከልኩ። ስሕተት የመሰለውንም ይተዉት፣ ከጎኑ ይጻፉ። (የትኩሳት ቴርሞሜትር የሚፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትከቺ አደራ፣ ይሰበራል።)

ክረምት ሲገባ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠሽ ገልብጠሽ ስኪበት፣ የዝናብ መለኪያ ሆነ። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምረሽ እስከ ቀጥታው ድረስ ውሃ ሙዪው፣ ዜሮው ከዚያ ይጀምራል። 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ትልቋ ይሄን ይዛ በጣሪያችሁ ላይ ስንት ጀሪካን እንደወረደ ታስላው፤ ሒሳብም ሳይንስም በአንድ ድንጋይ።

ዲያስፖራ_ሰፈር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ጊዜ ያላችሁ ትመስላላችሁ። እኔም እንደ እሷ ሠራተኛ ነኝ። «ከየምዕራፉ አንድ ነገር ምረጪ» ማለት ቀላል ነው፣ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደክሞሽ ምን እንደምታሠሪ ስታስቢ ግን ሳይንሱ በዚያው ይቀራል። በእኔ ቤት የቀረው እንደዚያ ነው፣ አራት ወር ሙሉ።

ፒዲኤፉን ግዢው። ቅደም ተከተሉን ሌላ ሰው አስቦልሻል፣ እሱ ነው የምትከፍይበት። በረዶውን ዝለዪው፣ ማን ይከስሻል? እኔ ከ30 ትምህርት 17 ነው የሠራሁት፣ ሌላውን ትቼዋለሁ፣ ልጄም አልሞተም። ለሁለቱም ዕድሜ አንድ ላይ የሚሠራ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ፤ በክፍል የተከፋፈለውን ከገዛሽ ሁለት ጊዜ መዘጋጀትሽ ነው።

ጡረተኛ_መምህር፦

እውነትሽን ነው። የደከመች እናት ያላየሁ መሰለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገኘ ይገዛ። ደብተሩ ግን ይኑር።

ደንገል፦

ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ስለ ሳጥን ስታወሩ ገረመኝ 😄 እኔ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው፣ መምህር አይደለሁም። ግን የእህቴን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እወስዳቸዋለሁ፣ የማደርገውን ልንገርሽ።

ዓሣ ሲገዛ ፊሌት አትግዢ። ሙሉ ቆሮሶ ግዢና ስትከፍቺው አጠገብሽ ይቁሙ። ስንጥቡን አንስተሽ ቀዩን አሳዪአቸው፣ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ሆዱ ውስጥ ከአከርካሪው ሥር ነጣ ያለ እንደ ፊኛ የተነፋ ነገር አለ፣ የአየር ከረጢቱ ነው፣ ውሃው መሐል እንዲንሳፈፍ የሚያደርገው። የእህቴ ትንሹ ልጅ በጣቱ ሲጫነው ፈነዳበትና ሳቁ ከደቅ ደሴት ይሰማ ነበር። ቅርፊቱን በማጉያ ሲያዩት ደግሞ ክብ ክብ መስመር አለው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ። ነጭ ዓሣ ካገኘሽም ንገሪያቸው፤ ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና ሌላ በዓለም የትም የሉም። ጭስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ነው፣ ከታች ያለ ዓሣ ያንን ዘሎ አይመጣም፣ የእኛዎቹ ለብቻቸው እዚህ ቀሩ።

ታንኳም አለልሽ። የደንገል ግንድ ቆርጠሽ ውስጡን ሲያዩት ስፖንጅ ነው፣ አየር የያዘ። አንድ ደረቅ ቁራጭ፣ አንድ ሳምንት ውሃ ውስጥ የከረመ ቁራጭ፣ የትኛው ይንሳፈፋል ብለሽ ጠይቂ። ባለ ታንኳዎቹ ከሐይቅ ሲመለሱ ታንኳውን አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለምን እንደሆነ ሳትነግሪያቸው ይደርሱበታል። እንቦጭም እንዲሁ ነው፣ ያበጠውን የቅጠሉን እግር ውሃ ውስጥ ጨመቅ ሲያደርጉት አረፋ ይተፋል። ግን አደራ፣ እንቦጩን ቤት ወስደሽ ከሠራሽበት በኋላ አድርቀሽ አቃጥይው። ቦይ ውስጥ እንዳትጥዪው፣ ከ2003 ወዲህ ያደረሰብንን እናንተም ታውቃላችሁ።

ሌላው ደግሞ ልጆቹ ዳር ዳሩን ውሃ ውስጥ በባዶ እግራቸው እንዳይገቡ። ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣዋን በባልዲ አምጥተሽ በጓንት አሳዪአቸው እንዳልልሽ እሱም ይቅር፣ በሽታውን የምታራባው እሷው ናት።

የጣናዳር_እናት፦

ኧረ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ እንጨቱን ተክለናል፣ ትንሹ ማንም እንዳይነካው ዙሪያውን ድንጋይ ከምሮበታል። ደንገል፣ የአንተ ዓሣ ለቅዳሜ ነው። እህቴ ዲያስፖራ ሰፈር፣ ፒዲኤፉን ገዛሁት፣ ከገጽ አንድ እስከ አሥራ አራት ያለውን በረዶ ሳላትም።

እስከዚያው በራሴ አንድ ነገር ሞከርን። የጤፍ ሊጥ በሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ አደረግን፣ አንዱ ላይ እርሾ ጨመርን፣ ሌላው ላይ ምንም። ክዳን አልከደንም፣ አፉ ላይ ፊኛ አሰርን። ትንሹ «ይፈነዳል» ብሎ ጻፈ፣ እጁ እስኪንቀጠቀጥ ተጭኖ። ትልቋ «ምንም አይሆንም» አለች፣ ፊቷን አዙራ። ጠዋት ስንነሳ እርሾ ያለበት ፊኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትንሹ በር በር እየሮጠ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረ።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። እርሾ የሌለበትም መነፋት ጀመረ። እኔ ዝም አልኩ፣ ምን ልበል? ትልቋ ግን ፊኛውን ስታይ ቆይታ «ጠርሙሱ ቆሻሻ ነበር ወይስ ዱቄቱ ራሱ ውስጥ አለ?» አለች። ጤና አዳሙን አላውቅም ያለችው ልጅ ናት ይሄን የምትለው። አሁን ሦስተኛ ጠርሙስ ጀምራለች፣ በፈላ ውሃ አጥባ፣ ዱቄቱን እንደ ገንፎ አብስላ። ግምቷን ጽፋ ደብተሩን ዘግታዋለች፣ አላሳይሽም ብላኛለች።

ጋሼ፣ እስኪ ይሄኛው ይነፋ ይሆን? ወይ ተዉት፣ አይንገሩኝ።