ተማሪ ይናገር፣ ቁጥሩ ግን አይፍረድ፦ ለጋራ ሐሳባችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪዋ፦

ውድ ባልደረቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ተማሪዎች መምህራንን የሚገመግሙበትን ደንብ ሊያሻሽል ነው። ከእኛ ከመምህራን ማህበርም አንድ የጋራ ሐሳብ ይጠበቃል። ረቂቁን እኔ እጽፋለሁ፤ ይዘቱን ግን አብረን እናውጣው።

አሁን ያለውን አሠራር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ተማሪው ፎርም ይቀርብለታል። ካልሞላ ግሬዱን እንዳያይ የሚደረግበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከ1 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ አድርጎ ይወጣል። ከዚያ አንድ አማካይ ይሠራና ዲኑ ጋ፣ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው ጋ፣ ኮንትራት የሚያድሰው ሰው ጋ ይደርሳል። መምህሩ ውጤቱን ሲያይ ተማሪዎቹ ሄደዋል። እነሱም የጻፉት ነገር ምን ላይ እንደዋለ ሳይሰሙ ይቀራሉ።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ግምገማው ይቅር አልልም። ክፍል ውስጥ የሚውለው ተማሪው ነው፤ ያየውን የሚናገርበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። የማልቀበለው፣ ያ ምስክርነት ወደ አንድ ቁጥር ተጨምቆ በሰው እንጀራ ላይ ሲፈርድ ነው። ከዚህ እንነሳ።

ስታቲስቲክስ የሚያስተምር አባል፦

ረቂቁ ላይ ማስረጃው ጠንከር ብሎ ይግባ። አለበለዚያ "መገምገም ፈርተው ነው" እንባላለን።

እ.ኤ.አ. በ1981 ተመራማሪው ፒተር ኮኸን የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ አንድ ነገር አሳየ። ጥናቶቹ አንድ ኮርስ በብዙ ሴክሽን፣ በተለያዩ መምህራን ተሰጥቶ የመጨረሻው ፈተና የጋራ የሆነባቸው ናቸው። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ መምህር ተማሪዎቹም የተሻለ ይማራሉ የሚል ውጤት ወጣ። ይህ ሥራ ለረጅም ዘመን የግምገማው ምሰሶ ሆኖ ሲጠቀስ ቆየ። በ2017 ቦብ ኡትልና ባልደረቦቹ ያንን መረጃ እንደገና ፈተሹት፤ አዳዲስ ጥናቶችንም ጨመሩበት። ትልልቅ ቁጥሮቹ የመጡት ጥቂት ሴክሽኖችን ብቻ ካዩ ትንንሽ ጥናቶች ሆኖ ተገኘ። ይህ ሲስተካከል በነጥቡና በትምህርቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ዝምድና አልቀረም።

ስኮት ካረልና ጄምስ ዌስት በ2010 ያሳተሙት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ተማሪው መምህሩን አይመርጥም፤ ምደባው በዕጣ ነው፣ ፈተናውም የጋራ። በያዙት ኮርስ ላይ ውጤታቸውን ከፍ ያደረጉላቸውን መምህራን ተማሪዎቹ በጥሩ ነጥብ ገመገሙ። በተከታዩ ኮርስ ላይ ግን የእነዚያው መምህራን ተማሪዎች ወደኋላ ቀሩ። መሠረት የሚያስይዘው መምህር በዚያው ሴሚስተር አይመሰገንም ማለት ነው። የጣሊያኑ ቦኮኒ ዩኒቨርሲቲ ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመው ጥናትም ወደዚያው ያመራል።

ስለ አማካዩም አንድ ነገር ልበል። "በጣም እስማማለሁ" እና "አልስማማም" ምድቦች እንጂ መጠን አይደሉም። ተደምረው ሲካፈሉ የሚወጣው ቁጥር ብዙ ነገር ይደብቃል። አንዷ መምህርት ከሁሉም ተማሪ 3 አገኘች። ሌላው ከግማሹ 1፣ ከግማሹ 5 አገኘ። ሁለቱም አማካያቸው 3 ነው። ክፍሎቹ ግን አይገናኙም። ኮሚቴዎች ደግሞ 4.1 እና 4.3 መካከል ሰው ሲያበላልጡ አይቻለሁ። ሃያ ተማሪ ካለበት ክፍል ሰባቱ ብቻ ሞልተው እንዲህ ያለ ንጽጽር መሥራት በፍጹም አይቻልም። ረቂቁ "አማካይ ይቅር፣ ሥርጭቱና የመላሾቹ ብዛት አብረው ይቅረቡ" ይበል፤ ሥርጭት ስል ስንት ተማሪ የትኛውን ቁጥር እንደመረጠ ማለቴ ነው።

ነርሲንግ የምታስተምር አባል፦

እኔ ግምገማው በሴት መምህራን ላይ ስለሚያሳየው አድልዎ ልናገር። ይህን ጉዳይ በአንድ መስመር አልፈነው እንዳንሄድ እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሊሊያን ማክኔልና የባልደረቦቿ ሙከራ አለ። ትምህርቱ በኦንላይን ነበር፤ ተማሪዎቹ መምህሩን በዓይን አያዩም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ረዳት መምህራን እያንዳንዳቸው ሁለት ቡድን ያዙ። ለአንዱ ቡድን በራሳቸው ማንነት፣ ለሌላው ደግሞ በሌላኛቸው ማንነት ቀረቡ። ተማሪዎቹ ወንድ ነው ብለው ላሰቡት ሰው የተሻለ ነጥብ ሰጡ፤ ከጀርባ ያለው ማንም ይሁን። የቤት ሥራ አርሞ በቶሎ መመለስን በመሰለ በሰዓት የሚለካ ነገር ላይ እንኳ ልዩነት ነበር። ቡድኖቹ ትንሽ ስለነበሩ ይህ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። ግን በ2016 አን ቦሪንግ፣ ኬሊ ኦቶቦኒና ፊሊፕ ስታርክ ይህንኑ መረጃ ከፈረንሳይ ከተገኙ ከ23 ሺህ በላይ ግምገማዎች ጋር አድርገው ፈትሸዋል። አድልዎው ቋሚ ቁጥር ቀንሰው የሚያስተካክሉት እንዳልሆነም ጽፈዋል። መጠኑ እንደ ትምህርቱ ዓይነትና እንደ ተማሪው ጾታ ይለያያል።

የመለኪያው ቅርጽ ራሱ ለውጥ ያመጣል። ላውረን ሪቬራና አንድራስ ቲልችክ በ2019 እንዳሳዩት፣ ወንዶች በሚበዙባቸው የትምህርት ዘርፎች መለኪያው ከ10 ሲሆን ሴቶቹ መምህራን ወደታች ቀሩ። ከ6 ሲሆን ልዩነቱ ጠፋ። 10 ቁጥር "ፍጹም" የሚል ስሜት አለው፤ ያንን ስሜት ለሴት የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው።

በነጻ ጽሑፍ ክፍሉ ደግሞ ስለ ድምፄ፣ ስለ አለባበሴ የተጻፈልኝን እዚህ መድገም አልፈልግም። ለወጣት መምህርት እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥቶ "ተሻሻይ" ማለት ግፍ ነው። ስድብና ዛቻ መምህሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያጣራ አካል ይኑር።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆኑ አባል፦

የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አከብራለሁም። ግን የእኔን ወንበርም አስቡት። አንድ መምህር በተደጋጋሚ ክፍል አይገባም። ፈተና አርሞ አይመልስም። ይህንን የሚነግረኝ ማነው? ባልደረባው አይነግረኝም፤ ይሉኝታ አለ። የሚነግረኝ ያ ፎርም ብቻ ነው። እሱን ካነሳችሁብኝ ባዶ እጄን ነው የምቀረው። ሴኔቱም "ምትኩ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃችኋል። መልስ ይዘን እንሂድ።

አስተባባሪዋ፦

ፕሮፌሰር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልሱም እርስዎ በሰጡት ምሳሌ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። "መምህሩ ክፍል ይገባል ወይ?" ተማሪ በሙሉ ልቡ የሚመሰክርበት ነገር ነው። "ፈተና ታርሞ ተመልሷል? ነጥብ እንዴት እንደሚሰጥ ቀድሞ ተነግሯል? ጥያቄ ስትጠይቅ መልስ ታገኛለህ?" እነዚህም እንደዚያው። ፎርሞቻችን ግን "መምህሩ ለሙያው ያለው ዕውቀት ምን ያህል ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን በምን ይመዝነዋል? እኛን እዚህ ያደረሰን እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማህበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ ይህንኑ መክሯል፤ ጥያቄው ተማሪው ስላለፈበት ልምድ ይሁን፣ መምህራንም በውጤቱ እርስ በርስ አይወዳደሩ ብሏል።

ቁጥሩን ከዕድገት ውሳኔ ስለማውጣትም የመጀመሪያዎቹ አንሆንም። በቶሮንቶ፣ ያኔ ራየርሰን ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ፣ መምህራኑና አስተዳደሩ ተካሰው ጉዳዩ ለገላጋይ ዳኛ ቀረበ። ዳኛው ዊልያም ካፕላን እ.ኤ.አ. በ2018 የሰጡት ውሳኔ፣ ግምገማው የማስተማር ብቃትን ለዕድገትና ለቋሚ ቅጥር ለመለካት አይዋል የሚል ነው። ግምገማው እንዲቀር ግን አላደረጉም። ተማሪው ስለ ልምዱ የሚናገርበት ምንጭ ሆኖ ቀጠለ። እኔ የምፈልገው መስመር ይህ ነው።

በግብዣ የገባች የተማሪዎች ተወካይ፦

ስለጋበዛችሁን አመሰግናለሁ፣ መምህራን። አንዳንዱን ሳነብ ትንሽ ፈርቻለሁ። "ተማሪ መመዘን አይችልም" የሚለው ነገር "ተማሪ አይሰማ" ወደሚል እንዳይሄድ።

ፎርሙን ለምን በግዴለሽነት እንደምንሞላው ልንገራችሁ። ለእኛ ምንም አያመጣም። ኮርሱ አልቋል። ብናማርር የሚጠቀመው የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ነው፤ እሱም መጠቀሙን አናውቅም። በሴሚስተሩ መሐል ብትጠይቁንና በሚቀጥለው ሳምንት "ይህን ብላችኋል፣ ይህን እለውጣለሁ፣ ያንን ግን በዚህ ምክንያት አልለውጥም" ብትሉን በደንብ እንጽፋለን። አልለውጥም መባሉ ራሱ ችግር የለውም፤ ምክንያቱን መስማት ነው የምንፈልገው።

ሌላው ፍርሃት ነው። አምስት ተማሪ ባለበት ክፍል ማን ምን እንደጻፈ ይታወቃል። አጻጻፋችንን ትለዩታላችሁ። ግሬድ ገና ሳይገባ ማን ደፍሮ ይጽፋል?

ፊዚክስ የሚያስተምር አባል፦

ልጄ፣ የመሐል ሴሚስተሩን ሐሳብ እኔም በሙሉ ድምፅ እደግፋለሁ። እንደ ቅስቀሳ ሳይሆን በተግባር ስለሞከርኩት ነው። ገና ጊዜ እያለ ይሰማል፣ ገና ጊዜ እያለ ይታረማል። ወጥ ስታበስል የምትቀምሰው እሳት ላይ እያለ ነው እንጂ ከቀረበ በኋላ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሉዊስ ደሎሪዬና ባልደረቦቹ በሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍሎች ውስጥ ያደረጉት ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ጥሩ ሌክቸር ተሰጠው። ሌላው በቡድን ሆኖ ችግር እየፈታ ተማረ። በፈተና የበለጠው ሁለተኛው ነው። "ብዙ ተምሬያለሁ" ያለው ግን የመጀመሪያው። ለስለስ ብሎ የሚፈስ ሌክቸር ስንሰማ የገባን ይመስለናል፤ መታገል ደግሞ ያልገባን ያስመስላል። ስለዚህ "ከዚህ ኮርስ ምን ያህል ተማርክ?" የሚለው ጥያቄ ከፎርሙ ይውጣ። አዲስ ዘዴ የሚሞክር መምህርም በዚያ ሴሚስተር ግምገማው ሥራው ከሚመዘንበት ማኅደር ውጭ ይቆይለት። ያለበለዚያ ማንም አይሞክርም።

የትምህርት ክፍል ኃላፊው፦

ይህ የመጨረሻው መሸሸጊያ እንዳይሆን። ሴሚስተሩ ሳይጀመር በጽሑፍ ካሳወቀና ምን እንደሚሞክር ከገለጸ እስማማለሁ። ውጤቱ ከታየ በኋላ "ሙከራ ላይ ነበርኩ" ማለት አይቻልም።

በኮንትራት የሚያስተምር አባል፦

እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ። ቋሚ ቅጥር ያለው ሰው መጥፎ ግምገማ ቢያገኝ ያዝናል። እኔ ግን ሥራ አጣለሁ። ተማሪው የሚጠብቀው ግሬድና የሚሰጠው ነጥብ አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ በብዙ ጥናት ታይቷል። ምክንያቱ ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። እኔ ግን ፈተና ሳወጣ፣ ወረቀት ሳርም፣ ኩረጃ ያየሁበትን ተማሪ ስጠራ ኮንትራቴ ይታወሰኛል። እንዲህ እያሰቡ ማስተማር ለተማሪውም አይበጅም። ረቂቁ የኮንትራት እድሳትን በስም ይጥቀስ። "ለዕድገት አይዋል" ብቻ ከተባለ እኛ ውጭ ቀረን ማለት ነው።

ስታቲስቲክስ የሚያስተምረው፦

ልክ ነህ፣ ወንድሜ። ይህ ካልገባ እኔም አልፈርምም።

ፕሮፌሰር ለጠየቁት ምትክ ሐሳብ አለኝ። የባልደረባ ምልከታ እንበል። ግን ጓደኛ ለጓደኛ እንዳይሆን ሁለት ታዛቢ ይግባ፤ አንዱ ከሌላ ትምህርት ክፍል። ከክፍሉ በፊት መምህሩ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይንገራቸው፤ ከክፍሉ በኋላ ይነጋገሩ። አንዴ አይቶ መፍረድም ስለማይቻል ከአንድ ጊዜ በላይ ይሁን። የመምህሩ ሲላበስ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ)፣ ያወጣቸው ፈተናዎች፣ በተማሪ ሥራ ላይ የጻፈው አስተያየት በአንድ የማስተማሪያ ማኅደር ተሰብስበው አብረው ይታዩ። ጊዜ ይፈጃል፤ አልክድም። ታዛቢዎቹ ለዚህ ሰዓት ከሥራ ጫናቸው ላይ ካልተቀነሰላቸው ወረቀት ላይ ይቀራል። እሱም ይጻፍ።

አስተባባሪዋ፦

እንግዲህ እስካሁን የተስማማንበትን በረቂቅ ቋንቋ ላስቀምጠው፤ እያነበባችሁ አርሙልኝ።

"ማህበራችን የተማሪዎች ግምገማ እንዲቀጥል ይጠይቃል። ግምገማው ተማሪው ራሱ ያየውንና ያለፈበትን ብቻ ይጠይቅ። ዋናው መጠይቅ በሴሚስተሩ አጋማሽ ይሰብሰብ፤ መምህሩም ለተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ መልስ ይስጥ። ውጤቱ በሥርጭትና በመላሾች ብዛት ይቅረብ፤ አማካይ አይሠራ፣ መምህራንም በእሱ አይወዳደሩ። ቁጥሩ ለደረጃ ዕድገት፣ ለቋሚ ቅጥርም ሆነ ለኮንትራት እድሳት መወሰኛ አይሁን። ለእነዚህ ውሳኔዎች የባልደረባ ምልከታና የማስተማሪያ ማኅደር ያገልግሉ፤ ለታዛቢዎችም ሰዓት ይመደብ። ከክፍል መቅረትንና ፈተና አለመመለስን የመሳሰሉ ተደጋጋሚ ጥቆማዎች ለትምህርት ክፍሉ ይድረሱ፤ ኃላፊውም አጣርቶ ይወስን። አዲስ ዘዴ ለመሞከር ቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀ መምህር የዚያ ሴሚስተር ግምገማው ከማኅደሩ ውጭ ይቆይለት።"

ሁለት ነገር ይቀረናል። ለትንንሽ ክፍሎች፣ ተማሪዋ ባነሳችው ፍርሃት ምክንያት፣ ፎርም ባይበተን ይሻላል። በምትኩ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው፣ መምህሩ በሌለበት ተማሪዎቹን አነጋግሮ የተስማሙበትን ብቻ ለመምህሩ ያድርስ። ይህ ዘዴ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሲሠራበት የቆየ ነው። ተማሪዋ ከተወካዮቹ ጋር ተመካክራ "ይሠራልናል" ወይም "አይሠራም" ትበለን።

ሁለተኛው ስድብና ዛቻ ማጣራቱ ነው። እዚህ ላይ ገና አልተግባባንም። ማን ያንብበው? አስተዳደሩ ካነበበው ተማሪው ይፈራል፤ መምህሩ ራሱ ካነበበው ጉዳቱ ደርሷል። ነርሲንግ የምታስተምሪው እህቴ፣ አንቺና ተማሪዋ አንድ አንቀጽ አብራችሁ ጻፉልን። ዛቻ የጻፈ ሰው ማንነቱ ይገለጥ ወይ የሚለውንም በግልጽ አስቀምጡት፤ ያንን ለሴኔቱ ክፍት አድርገን መላክ የለብንም። አንቀጹ ሲደርሰኝ ሙሉውን ረቂቅ ለፊርማ አወጣዋለሁ።