ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለችው ካፌያችን፦ ከሥራ የወጣችው ልጅ ምን ይገባታል?

የቸርችሏ፣ ሜሪላንድ
ሰላም ወገኖቼ። አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ወንድሜ የሚያስተዳድራት ትንሽ ካፌ አለችን። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው፣ በቢጫ ካርድ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያወጣሁት። ሁለት ዓመት ማኪያቶ ስትሠራልን የነበረችውን ልጅ ወንድሜ ማርፈድ አበዛች ብሎ በቀደም «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ብሏታል። አሁን በጠበቃ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ፤ ካሣ፣ የስንብት ክፍያ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ያልወጣችው የዓመት ፈቃድ። ወንድሜ «የጽሑፍ ውል የላትም፣ ሙከራ ላይ ነበረች ብለን እንመልስ» ይላል። ደመወዟ 6,000 ብር ነው። መልስ የምንሰጥበት ሳምንት ብቻ ቀርቶናል። ልጅቷን መበደል አልፈልግም፤ ካፌዋም እንድትዘጋ አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ።

ባለ ሱቁ፣ ቨርጂኒያ
እህቴ አትደንግጪ። ሠራተኛ ማስተዳደር የማውቀው ሥራ ነው። እዚህ ውል ከሌለ አሠሪ በፈለገው ጊዜ ማሰናበት ይችላል፤ ብቻ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በእርግዝና እና በመሳሰለው ምክንያት አይሁን። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ አንድ ተኩል ትከፍያለሽ፣ ታክስና ሶሻል ሴኩሪቲውን ትቆርጫለሽ፣ አለቀ። ውል የላትም ካልሽ በእጇ የያዘችው ነገር የለም ማለት ነው። ለወደፊቱ ሁሉንም እንደ ኮንትራክተር ያዣቸው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አራት ኪሎ
ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ምክር እዚህ አገር ሰው ገደል ይከታል። ከስዊድን ከተመለስኩ ወዲህ የትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ እይዛለሁ፤ ይህ ጉዳይ በየጊዜው ይገጥመኛል። የሚገዛን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ወረቀት አለመኖሩ የሚጎዳው አሠሪውን ነው እንጂ ልጅቷን አይደለም። ሙከራውም ቢሆን በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ «ሙከራ ላይ ነበረች» ብላችሁ ብትጽፉ ዳኛ ፊት የቀረውንም እምነት ታጣላችሁ።

ማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ወዲያው ሊያሰናብት ይችላል፤ ግን በጽሑፍ እየተነገራት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈደች ነው። የተሰጣት ወረቀት አለ?

ከሌለ፣ ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ትችላለች። ካልተመለሰች ካሣው የ180 ቀን ደመወዝ ነው፣ በእሷ 36,000 ብር። ከመሰናበቷ በፊት ሊሰጣት ይገባ የነበረው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሁለት ወር ነው፣ የዚያ ደመወዝ 12,000። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ለሁለተኛው የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ 8,000። ተደምሮ 56,000 ብር፤ ፈቃዱና ትርፍ ሰዓቱ ገና ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ከመመለሳችሁ በፊት አስጠርታችሁ አነጋግሯት። እና አንድ ጥያቄ፦ ጡረታ ተከፍሎላታል? ከእናንተ 11፣ ከእሷ 7 በመቶ ነው።

የቸርችሏ፣ ሜሪላንድ
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ወንድሜ የጡረታውን ነገር ስጠይቀው ዝም አለ። የተጻፈ ማስጠንቀቂያም የለም፣ በቃል ነው ይላል።

እማማ፣ ሜልቦርን
ልጆቼ፣ እኔ ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ፓስፖርቴ በእመቤቲቱ እጅ ነበር። «ውጪ» ስባል በሌሊት ልብስ ነበርኩ፣ የምሄድበት አልነበረኝም። ያኔ አንድ ሰው «ይህ ይገባታል» ብሎልኝ ቢሆን! ያቺ ማኪያቶ የምታፈላ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች አስቡ። ከደብረ ብርሃን ይሁን ከወላይታ መጥታ፣ ቤት ኪራይ ከፍላ፣ ከዚያች 6,000 ላይ ለእናቷ የምትልክ ትሆናለች። እኛም እኮ የምንልክ ነን። የሚልክ ሰው ደመወዙ ሲቋረጥ የሚራበው ብቻውን አይደለም።

ባለ ሱቁ፣ ቨርጂኒያ
እማማ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን የካፌዋ ባለቤት እህታችንም እኮ ገንዘቡን በሌሊት ፈረቃ ነው ያጠራቀመችው። በየአጋጣሚው 56,000 የሚከፈል ከሆነ ማን ነው አገሩ ገብቶ ሥራ የሚከፍተው? መንግሥት ዲያስፖራውን ኑ ይላል፣ ከመጣን በኋላ ሕጉ ሁሉ በእኛ ላይ ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አራት ኪሎ
ሕጉ ዲያስፖራና የአገር ሰው አይለይም። የሳር ቤቱም የመርካቶውም ባለ ሱቅ በዚሁ ነው የሚሠራው። አንድ ገጽ ውል በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሰዓት መፈረሚያ ደብተር፣ ላረፈደ ሰው አንድ መስመር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ይህ ለቤቱ ባለቤት ከማንም በላይ ይጠቅማል፤ ያቺ ልጅ በእርግጥ ታረፍድ ከነበረ ዛሬ ማስረጃ ይኖራችሁ ነበር።

ስደተኛው፣ ፍራንክፈርት
እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። እህቴ፣ ወንድምሽ ራሱ ደመወዝ አለው? እኔ ለአጎቴ ልጅ የሚኒባስ ገንዘብ ልኬ ሂሳብ ስጠይቀው «ወንድምህን ትጠረጥራለህ?» ተብዬ ከቤተሰቡ ሁሉ ተኮራርፌያለሁ። ዘመድ ሥራ ላይ ከሆነ ቁርጥ ያለ ደመወዝና የተጻፈ ሥልጣን ይኑረው። ያለዚያ እሱ ያባርራል፣ አንቺ ትከሰሻለሽ።

የቸርችሏ፣ ሜሪላንድ
ወንድሜን እንዲህ አትበሉብኝ። እናታችንን ያስታመመው እሱ ነው፤ እኔ ለቀብሯ እንኳ አልደረስኩም። ደመወዝ የለውም፣ ከሽያጩ ይወስዳል።

ስደተኛው፣ ፍራንክፈርት
ሌባ አላልኩትም። ከሽያጩ የሚወስድ ሰው ጡረታ ለመክፈል እጁ ያጥረዋል ነው ያልኩት።

እማማ፣ ሜልቦርን
ተዉ፣ እናቷን ያስታመመ ልጅ ነው።

ባለ ሱቁ፣ ቨርጂኒያ
ይኸው! ሁላችንም ሰው መክሰስ እንጂ ነገር ማቅናት አናውቅም። ለልጅቷ 20,000 ሰጥተሽ አስፈርሚያት፣ ይለቅ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አራት ኪሎ
በ20,000 አስፈርሙ የሚለውን አልስማማበትም። የሚገባትን አስልቶ በስምምነት መክፈል አንድ ነገር ነው፣ ሕጉን የማታውቅ ልጅ ማስፈረም ሌላ።

የቸርችሏ፣ ሜሪላንድ
ለጠበቃ ውክልና ከኤምባሲ ልልክ ቀጠሮ ይዣለሁ። ልጅቷን ራሴ ደውዬ አነጋግራታለሁ። ግን በእሑድና በመስቀል ዕለት የሠራችውን እንዴት እንደምንቆጥር እስካሁን አልገባኝም፤ የሰዓት ደብተር የለንም።

ባለ ሱቁ፣ ቨርጂኒያ
ደብተር ከሌለ እሷስ በምን ታስረዳለች?

እማማ፣ ሜልቦርን
በላቧ!