ክርክር፦ አንበሳ ለበላው ከብት ካሳ ይከፈል ወይስ ጠባቂ ይቀጠር?

መነሻ፦ ደቡብ ኬንያ፣ አምቦሴሊ አካባቢ ማሳዮች አንበሳ እንዳይገድሉ ሁለት መንገድ ተሞክሯል። ምቢሪካኒ በሚባለው የማሳዮች የጋራ ግጦሽ መሬት ላይ ከ2003 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አውሬ ለበላው ከብት ካሳ ይከፈላል። ከ2007 ወዲህ ደግሞ «ላየን ጋርዲያንስ» የተባለ ድርጅት የማሳይ ጎረምሶችን በደመወዝ የአንበሳ ጠባቂ ያደርጋል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ቢበቃስ?

የዱካ ሰው፦ ጠባቂ ይቅደም። ከመንጋው ተነጥሎ ዱር ያደረ ከብት ለአንበሳ ሲሳይ ነው፤ ካሳ ይህን አያስቀርም። ጠባቂው በማለዳ ዱካ ይከተላል፣ ማሰራጫ አንገታቸው ላይ የታሰረላቸውን አንበሶች ኮረብታ ላይ ወጥቶ አንቴናውን እያዞረ ያዳምጣል፣ ከዚያ ለእረኞች ደውሎ «ዛሬ በዚያ በኩል አታሰማሩ» ይላል። የጠፋውንም ከብት ሳይመሽ ይፈልጋል። በ2014 የታተመ ጥናት ካሳ የአንበሳ ግድያን ከ87 እስከ 91 በመቶ፣ ጠባቂዎች ግን 99 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል።

ሒሳብ አዋቂ፦ ወንድሜ፣ ጠባቂዎቹ ምቢሪካኒ ሲገቡ ካሳው አራት ዓመት ሠርቶ ነበር። ያንን ትተህ ቁጥር አታወዳድር። ደግሞ ጠባቂ የሚመልሰው ጦር ይዞ በቡድን የሚወጣውን ጎረምሳ ነው። ማታ በተበላው ከብት በድን ላይ መርዝ የሚነሰንሰውን ባለ ከብት ማን ያየዋል? ፉራዳን የሚባለው የተባይ መርዝ፣ ካርቦፉራን፣ ከኬንያ ገበያ የተሰበሰበው በ2009 ነው፤ አንበሳውን ብቻ ሳይሆን ጅቡንም ጥንብ አንሳውንም ይፈጃል። የካሳው ጉልበት በቅጣቱ ነው፤ በቀጠናው አንበሳ ከተገደለ የዚያ ዙር ክፍያ ለሁሉም ይቀራል። ያኔ ጎረቤት ጎረቤቱን ይቆጣል።

የዱካ ሰው፦ ንጹሑም አብሮ ይቀጣላ! ካሳው ራሱ ከገበያ ዋጋ በታች ነው፤ ጠፍቶ ለተበላ ደግሞ ይቀነሳል።

ሒሳብ አዋቂ፦ መቀነሱማ ደግ ነው። ሙሉ ከተከፈለ ማን ይጠብቃል?

የከብት ሐኪሟ፦ ሁለታችሁም ማጣራቱን ዘለላችሁት፤ ካሳ የሚበላሸው እዚያ ነው። አጣሪው ከዘገየ ጅብና ጥንብ አንሳ ማስረጃውን ይጨርሱታል። ሲደርስ ሰው ሳይረግጠው ዙሪያውን ዱካ ይይ፤ የአንበሳ ጥፍር አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ አይወጣም፣ የጅብ ይወጣል። ቀጥሎ የጉሮሮውንና የማጅራቱን ቆዳ ገፎ ከሥሩ ይመልከት። ንክሻው ዙሪያ ደም ከረጋ ከብቱ በሕይወት ሳለ ተነክሷል። ጥርስ ገብቶ ደም ከሌለ ግን ሞቶ ነው አውሬ ያገኘው። በድርቅ የከሳች ላም ስትሞት «አንበሳ በላት» ማለት ያጓጓል፤ አጣሪው የባለቤቱ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ቢላዋ ሳይመዘዝ ይፈረማል። ለዚህ ነው አጣሪ ከሌላ ቀጠና መምጣት ያለበት፣ ፎቶም መነሳት ያለበት።

ባለ በረት፦ ዶክተር ልክ ነሽ፤ ግን አጥሩን ማን ያንሳ? ታንዛኒያ፣ ሲማንጂሮ፣ የበረቱን የሽቦ መረብ የሚያስሩት ተተክሎ ሥር በሚሰድ የከርቤ ወገን ዛፍ ላይ ነው። የደረቀ እንጨት ምስጥ ይበላዋል፣ ይሄ ግን ያድጋል። ድካሙ በሩ ላይ ነው፦ መረቡ ጠንክሮ በሩ እሾህ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? የመረቡ ጫፍ ካልተቀበረ ጅብ ከሥር ይቆፍራል። አንበሳ ሳይገባም ከብቱ ሽታውን ሰምቶ ደንግጦ በሩን ሰብሮ ይወጣል፣ ውጭ ይበላል።

የዱካ ሰው፦ ዝናብ ሲመጣ መንደሩ ይነሳል፤ የተተከለ አጥር አብሮ አይሄድም። ያን ጊዜ ደግሞ የዱር እንስሳው ስለሚበተን አንበሳ ወደ ከብት ይዞራል።

ባለ በረት፦ ለሚነሳው ሰው ተጠቅላይ መረብ ይሰጠዋ። ቋሚው መንደር ውስጥ ለሚቀሩት ጥጆችና ፍየሎች ነው።

ሒሳብ አዋቂ፦ የመንግሥት ካሳ ብቻ አታምጡብኝ። በ2013ቱ የኬንያ ሕግ አውሬ ለገደለው ሰው 5 ሚሊዮን ሽልንግ ተፈቀደ፤ ክፍያው ግን ለዓመታት ተጓተተ። ቃል ገብቶ አለመክፈል ካሳ ከናካቴው ከሌለበት ይብሳል።

የከብት ሐኪሟ፦ ለእኛ ባሌ ሐረና ቢታሰብ ከካሳም ከደመወዝም በፊት መዝገብ ይያዝ፦ ከብቱ የት ሞተ፣ በስንት ሰዓት፣ እረኛ ነበረው ወይ፣ በረቱ በምን ታጥሯል። አንድ ዝናብና አንድ በጋ ሳይመዘገብ ገንዘቡ ጠባቂ ላይ ይዋል ወይስ በር ላይ ማንም መለየት አይችልም።