ቮልሷን በማሽን ፖሊሽ ላደርግ ብዬ አበላሸኋት፤ ቅዳሜ ሰርግ ነው፣ እርዱኝ!

የአባቴ ቮልስ (ረቡዕ ማታ)
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው፣ የምታውቁ ሰዎች ቶሎ መልሱልኝ። ቅዳሜ የእህቴ ሰርግ ነው፣ በአባታችን ቮልስ ነው የምትወጣው፣ ቃል ገብቼላታለሁ። መኪናዋ ጥቁር ናት። ላቫጆ ሲያጥቧት በየዓመቱ የተጠራቀመ ጭረት ነበራት፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ልክ የሸረሪት ድር። ትናንት ማሽን ተውሼ፣ ኮምፓውንድ (ቀለም የሚያሽ ሻካራ ቅባት) ቀብቼ የፊት ኮፈኗን ፖሊሽ አደረግኩ። ማታ በመብራት ሳያት መስታወት ነበረች። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳወጣት ግን ደነገጥኩ። ማሽኑ የሄደበት ሁሉ ዘይት ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ እኔ ስንቀሳቀስ ጥላው አብሮኝ ይንቀሳቀሳል። የማሽኑ ጨርቅም ጥቁር ሆነ። ቀለሙን ጨረስኩት እንዴ? ምን ላድርግ?

ሹፌሩ
የጥርስ ሳሙና ወንድሜ። ነጩን እንጂ ባለ ቀለሙን አትግዛ። እርጥብ ስፖንጅ ላይ አድርገህ ሽው አድርገው፣ አለቀ።

ጋሽ ባቲላሜራ
ልጄ፣ መጀመሪያ እንኳን ለእህትህ ሰርግ አበቃችሁ። ቮልስን ዛሬ ሰው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ያደርጋታል፣ እሷ ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት። በፈረንጆቹ 1972 የፎርድን ሞዴል ቲ ቁጥር አልፋ ሄደች። ጀርመን ድፍን ጣሪያ ያላትን መሥራት በ1978 ሲያቆም ሜክሲኮ እስከ 2003 ቀጠለችበት። ይህን የምልህ ክብሯን እንድታውቅ ነው። አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። የዘንድሮ መኪኖች ቀለማቸው ድርብ ነው፤ ከሥር ቀለሙ አለ፣ ከላይ ክሊር የሚባል ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን ይለብሳል። የድሮዋ ጥቁር ቮልስ ግን ክሊር የላትም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቀለም ነው። ስለዚህ ጨርቅህ መጥቆሩ አያስደንግጥህ፣ አንድ ወጥ ቀለም ሲታሽ ጨርቅ ላይ ይወጣል። ክሊር ያለው መኪና ላይ ቢሆን ነበር መጥፎ ምልክት የሚሆነው፣ ክሊሩ አልቆ ከሥሩ ያለው ቀለም ተነካ ማለት ነውና። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ቀለሟ የፋብሪካው ነው ወይስ እዚህ ተቀብታለች? ስቱኮስ (ከቀለም ሥር የሚገባ ጉድጓድ መሙያ) አላት?

ድሮ ዕቃ
እኔ ደግሞ ነገሩ ከሥሩ አልገባኝም። ጭረቱን ለምን ታጠፋዋለህ? ሃምሳ ዓመት የኖረች መኪና ጭረት ቢኖራት ምን ነውር አለው? ፖሊሽ ባደረግክ ቁጥር ቀለሙ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ ያ ደግሞ አይመለስም። አጥበህ ሰም ብትቀባት በቂ ነበር። ሰው የሚያየው ሙሽራዋን ነው።

ከሜሪላንድ
ድሮ ዕቃ ከፊል እውነት አለህ፣ ቀለም ይሳሳል። የፋብሪካ ቀለም ከነሥሩ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፣ አንድ የፀጉር ዘለላ ደግሞ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። እና የምንሠራው በሁለት ፀጉር ውፍረት ላይ ነው። ግን አሁን ኮፈኑ ላይ ያለው ጥላ የላቫጆ ጭረት አይደለም፣ ማሽኑ ራሱ የፈጠረው ዱካ ነው፣ እንዲሁ ትተኸው ሰርግ አይኬድም። ወንድም፣ ማሽኑ ምን ዓይነት ነው? ተሽከርካሪ ብቻ ነው ወይስ እየዞረ የሚንቀጠቀጥ? ፍጥነቱስ?

የአባቴ ቮልስ
ስላላልኩ ይቅርታ። ጎረቤቴ ብረት የሚቆርጥበት ግራይንደር ነው፣ ፀጉራም ጨርቅ ገጥሜለት ነው። ጀርባው ላይ 11,000 ይላል። ቀለሟን በተመለከተ፣ አባቴ ኮፈኑና ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች አንዴ ተቀብተዋል ይላል፣ ሌላው የራሷ ነው።

ከሜሪላንድ
አቁም! በእናትህ ግራይንደሩን ለባለቤቱ መልስ። የፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ነው የሚዞረው፣ በደንብ የሚያውቁ ሰዎች እንኳ አብዛኛውን ሥራ ከ1,500 ሳያልፉ ይጨርሱታል። 11,000 ላይ ቀለሙ በሰከንድ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ጨርቁም ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም፣ ተበጥሶ ፊትህ ላይ ሊወረወር ይችላል። እስካሁን ጥላ ብቻ ከሆነ ያለህ፣ ተርፈሃል።

እንዲህ እይ። የኮፈኑ መሃል ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጉብ ያለ መስመር አለ አይደል? እሱንና ዳር ዳሩን በጣትህ ዳብስ። ቀለም ሲደርቅ ከጠርዝ ስለሚሸሽ እዚያ ጋ ሁልጊዜ ስስ ነው፣ ማሽን ደግሞ ቀድሞ የሚበላው ጠርዝን ነው። ግራጫ ወይም ቀይ ነገር ብቅ ብሎ ካየህ ከቀለሙ ሥር ያለው የመጀመሪያው ቅብ ታይቷል ማለት ነው፣ ያኔ ፖሊሽ አያድነውም፣ መቀባት ብቻ ነው።

ሹፌሩ
የጥርስ ሳሙናውን ሞከርከው?

የዲኤክስ እመቤት
ሰርጉን ጥላ ውስጥ አድርጉት፣ ጭረት ፀሐይ ሲመታው እንጂ በጥላ አይታይም 😀 ከምሬ ግን ሙሽራና መኪና ብዙ ጊዜ አስጊጫለሁ፣ አንድ ነገር ስሙኝ። መኪናዋን የሚጨርሳት አበባው ነው! ኮፈን ላይ በፕላስተር የሚለጠፈው፣ ከመስታወት እስከ ፓራውልት የሚወጠረው ሪባን መኪናው ሲሄድ እየተርገበገበ ቀለሙን ሲያሸው ይውላል። አበባውን ፓራውልቱና የበሩ እጀታ ላይ እሰሩት፣ ኮፈኑ ባዶ ይሁን። ሚዜዎቹንም ንገሯቸው፣ አቧራ ሲያዩ በደረቅ መሐረብ እንዳይጠርጉ። ያ የሸረሪት ድር በደረቅ ጨርቅም ይፈጠራል።

የአባቴ ቮልስ
ዳበስኩት፣ በባትሪም አየሁት። መሃል መስመሩ ላይ ምንም ግራጫ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግራይንደሩን መልሻለሁ። አንድ የሰፈራችን ልጅ የሚንቀጠቀጠውን ዓይነት የፖሊሽ ማሽን አለው፣ ነገ ከሰዓት ሊያውሰኝ ነው። ምን ምን ልግዛ? እንዴትስ ልጀምር?

ጋሽ ባቲላሜራ
ጎበዝ። ኮፈኑ እዚህ የተቀባ ከሆነ ክሊር ተደርጎበት ይሆናል። ጣራውን በነጭ ጨርቅና በትንሽ ፖሊሽ በእጅህ እሸው፣ ኮፈኑንም እንዲሁ፣ ሁለቱን አስተያይ። ሁለቱም ካጠቆሩ አንድ ወጥ ናቸው። ኮፈኑ ካላጠቆረ ክሊር ነው። እኔ በዘመኔ ስንቱን...

የአባቴ ቮልስ
ጋሼ ትናንት ጨርቁን ያጠቆረው ኮፈኑ ነው።

ጋሽ ባቲላሜራ
ልክ ነህ፣ ብለሃልም። እንግዲያው አንድ ወጥ ሳይሆን አይቀርም፣ ክሊሩንም አልበላኸውም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን የጣራውን ሳታይ አትለፍ።

ከሜሪላንድ
የምትገዛው ጥቂት ነው። ለስላሳ ስፖንጅ ሁለት ወይም ሦስት፣ ደቃቅ ፖሊሽ (ሻካራውን ኮምፓውንድ እርሳው፣ ያንተ ጥላ በደቃቁ ይጠፋል ብዬ ነው የማስበው)፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በርከት አድርገህ፣ ሰም። ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብትል የምታጣ አይመስለኝም።

መጀመሪያ አጥባት፣ ጥላ ውስጥ አቁማት፣ ቆርቆሮው እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ከዚያ ፕላስተሩን አውጣና ጊዜ ውሰድ። የመሃል መስመሩን ሸፍን። ጠርዞቹን ሸፍን። በፓራፋንጎና በአካሉ መሃል ያለችውን ቀጭን ጎማ ሸፍን። እግር መርገጫው ላይ ያለውን ጎማ፣ የክሮሙን መስመር፣ ከኋላ ሞተሩ ጋ ያለውን የአየር ማስገቢያ ሁሉ ሸፍን። ፖሊሽ እዚያ ገብቶ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ጥቁር መኪና ላይ ደግሞ ከሩቅ ይታያል፣ በጥርስ ብሩሽ ስትፍቅ ነው የምትውለው።

ከዚያ ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሚሆን አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ። ስፖንጁ ላይ አተር የሚያክሉ አራት ጠብታ። ማሽኑን ቀለሙ ላይ አስቀምጠህ ነው የምታስነሳው፣ አየር ላይ ካስነሳኸው ፖሊሹ ልብስህ ላይ ነው። መሃለኛ ፍጥነት። እጅህ ቀስ ይበል፣ አዲሱ መስመር ያለፈውን ግማሽ ይሸፍን። አትጫን! ይሄ ማሽን ስትጫነው መዞሩን ትቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ያኔ ምንም አይሠራም። ስፖንጁ ጎን ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አስምር፣ ሲዞር ታየዋለህ፣ መስመሩ ከቆመ በዝቷል ማለት ነው። በየመሃሉ ቀለሙን በእጅህ ጀርባ ንካ፣ ለብ ካለ ይሁን፣ ካቃጠለህ አቁም። አንድ ወጥ ቀለም ስፖንጁን ቶሎ ያጨቀየዋል፣ እያንዳንዱን ቦታ ስትጨርስ አጽዳው ወይም ቀይር።

አሁን ትልቁ ነገር። ማክሰኞ ማታ መስታወት የመሰለችህ የኮምፓውንዱ ዘይት ጭረቱን ሞልቶት ነው። ስለዚህ የሞከርከውን ቦታ በዕቃ ሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ በስልክህ ባትሪ ከጎን እየው። ያ ነው እውነተኛው መልክ። ደስ ካለህ ቀጥል፣ ካላለህ አንድ ጊዜ ድገምና ተወው። ቅዳሜ ድረስ ኮፈኑንና ጣራውን ብቻ ብትሠራ ይበቃል፣ በሮቹን ከሰርጉ በኋላ።

ድሮ ዕቃ
በሮቹንማ አትንካቸው። የፋብሪካው ቀለም ያለው እዚያ ነው።

የአባቴ ቮልስ (ሐሙስ ማታ)
የመጀመሪያውን ቦታ ሠራሁ። በሳሙና አጠብኩት፣ በባትሪ አየሁት። ጥላው ጠፍቷል! ጠለቅ ያሉ ሦስት አራት ጭረቶች አሉ፣ ድሩ ግን የለም። አባቴ ወጥቶ አጎንብሶ አየውና ምንም ሳይል በጣቱ ዳር ነካ አደረገው። ስፖንጁ እንዳላችሁት ከሰል ሆነ። ጭረቶቹን ልከተላቸው ወይስ ልተዋቸው? ደግሞ መብራት ጠፋብን፣ ጠዋት ነው የምቀጥለው።

ከሜሪላንድ
ተዋቸው! ጥፍርህ የሚይዘው ጭረት በፖሊሽ አይወጣም፣ ስትከተለው ቀለሙን ትጨርሳለህ። ሰሙን ስስ አድርገህ ቀባው። አባትህን ሰላም በልልኝ።

ጋሽ ባቲላሜራ
ጥሩ ልጅ። የማሽኑን ገመድ በትከሻህ ላይ አሳልፈው፣ ቀለሙ ላይ እንዳይጎተት።

ሹፌሩ
ጓደኞቼ ይቅርታ፣ የጥርስ ሳሙናው ለፊት መብራት ፕላስቲክ ነው የሠራልኝ፣ ለቀለም ሞክሬው አላውቅም።

የዲኤክስ እመቤት
እኔ በዚሁ ልጠይቅ፣ ዲኤክሴ ነጭ ናት፣ ክሊር አላት አሉኝ። ጭረቱ አይታይም ግን ስነካት ትሻክራለች። ይሄ ለሷም ይሆናል?

ከሜሪላንድ
ነጭ ላይ ጭረት ስለሚደበቅ ነው እንጂ የሌለው አይደለም። መሻከሩ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የተጣበቀ ቆሻሻ ነው፣ ከፖሊሽ በፊት በመኪና ቀለም ማጽጃ ጭቃ ይወገዳል። እስቲ እጅሽን ስስ ፌስታል ውስጥ አግብተሽ ኮፈኑን ዳብሺውና ምን እንደሚሰማሽ ንገሪኝ።