ፍሉቴን እንዴት ወደ ሻኩሃቺ ላስጠጋው?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሚቺዮ ሚያጊ እ.ኤ.አ. በ1929 ለሻኩሃቺ (የጃፓን የቀርከሃ ዋሽንት) እና ለኮቶ (የጃፓን የክር መሣሪያ) የጻፈውን «ሃሩ ኖ ኡሚ» («የጸደይ ባሕር») በፍሉትና በጊታር እያጠናን ነው። ጊታሪስቱ ተገላግሏል። ክሩን ከድልድዩ ጠጋ ብሎ ሲቆነጥረው ባለ 13 ክሩን ኮቶ ይመስላል።

የእኔ ነገር ነው ያስቸገረው። ሻኩሃቺ ነፊ አገጩን ዝቅ ሲያደርግ ድምፁ ይወርዳል፣ በዚያው ይደበዝዛል። ለእኔ ባሕሩ የሚሰማኝ እዚያ ጋ ነው። ፍሉቱን ወደ ውስጥ ሳዞረው ግን ድምፁ ይታፈናል። ትንፋሽ ስጨምር ደግሞ ዜማው ድራሹ ይጠፋል። መምህሬም «ንጹህ ድምፅ አውጣ» ከማለት አላለፈም።

ከንፈሬን ላላ ላድርገው ወይስ አልቶ ፍሉት (ድምፁ ወፈር የሚለውን ፍሉት) ልዋስ? (የሚያውሰኝ ከተገኘ!) ዋሽንት የምትነፉም እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ፤ ትንፋሽና ዜማን አብሮ ማስኬድ ታውቁበታላችሁ።