ጠርሙስ ይናገራል ወይ?

የሰፈር ልጅ፦ ትናንት እዚህ የተጻፈው ነገር አልዋጥልኝ አለ። «አጥር ዘሎ የገባ ሁሉ ያው ሌባ ነው» ይባላል? የተከሰሰው የሰፈራችን ልጅ አጥሩን የዘለለው ከጎረቤት ማድቤት ጭስ ሲወጣ አይቶ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ እንደተሰካ ተረስቷል። ነቅሎት ወጣ። ምስጋናው ክስ ሆነ!

ባለ ግቢ፦ ሙሉውን ተናገር እንጂ። የማድቤቱን ቁልፍ ሰብሯል። ማን ጠራው?

ሕግ ቀመስ፦ የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2053 እዩ። ጥፋት የሚሆነው ባለቤቱ ወይም ባለይዞታው እንደማይፈቅድ በግልጽ እየታወቀ በጉልበት ሲገባ ነው። የቤቱ ባለቤት ክፍለ ሀገር ነበር። መቼ «አትግባ» አለ?

ባለ ግቢ፦ «በግልጽ» ነው ያልከው? አጥር ላይ የጠርሙስ ስባሪ የሚተከለው ለጌጥ ነው?

ቡና ጠጪ፦ ጠርሙስ ይናገራል ወይ? የአምቦ ውኃ ነው የቢራ? የቢራው ትንሽ ይለፈልፋል።

ሕግ ቀመስ፦ ጠርሙሱ ቢናገርም ለሌባ ነው የሚናገረው። ደግሞ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 75 አለ። አደጋው ከባድና የደረሰ ከሆነ፣ ሌላ መውጫም ከሌለ፣ የተደረገውም ልክ ካላለፈ ቅጣት የለም።

ባለ ግቢ፦ ሌላ መውጫማ ነበር። 939 አይደውልም?

የሰፈር ልጅ፦ እኛ ቅያስ ባጃጅ እንኳ አይዞርም፤ የእሳት አደጋ መኪና ይጠብቅ?

አያ ነገሩ፦ መሬቱ የመንግሥት፣ የምን የግል ግቢ ነው የምታወሩት?

ሕግ ቀመስ፦ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 እስከ መጨረሻው አንብበው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ የሠራኸው ቤት ግን ያንተ።

ተከራይ፦ የኔ አከራይ ትርፍ ቁልፍ ስላለው ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። ልብስ እየቀየርኩ! ለእሱስ ጠርሙስ የት ልትከል?

ባለ ግቢ፦ አከራይ በገዛ ቤቱ ምን አጠፋ?

ተከራይ፦ ገባኝ። አንተም አከራይ ነህ።

ሕግ ቀመስ፦ «ባለይዞታው» ያልኩት ለዚሁ ነበር። ኪራዩን እየከፈልሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ።

ባለ ግቢ፦ ወሬ አትቀይሩ። የተሰበረውን ቁልፍ ማን ይክፈል?

የሰፈር ልጅ፦ የልጁ መዳፍ አራት ቦታ ተሰፍቷል። በዚያው በምትመኩበት ጠርሙስ። እሱንስ ማን ይክፈል?

ባለ ግቢ፦ ማን ዝለል አለው?

ቡና ጠጪ፦ ምጣዱ።