ፖችድ እንቁላል ስሠራ ነጩ ለምን ይበተናል?

ቁርስ ፈላጊ፦
ሰላም ቤቶች። ፖችድ እንቁላል (ያለ ቅርፊቱ ውሃ ውስጥ የሚበስለውን) ቤት ውስጥ አስተካክላችሁ የምትሠሩ ካላችሁ እርዱኝ። ውሃው ሲንተከተክ እንቁላሉን ድስቱ ላይ ሰብሬ ስጨምር ነጩ ተበጣጥሶ ይንሳፈፋል፣ አስኳሉ ራቁቱን ይቀራል። ኢንተርኔት ላይ ያለውን «ውሃው ሲፈላ እሳቱን አጥፍተሽ፣ ከድነሽ 4 ደቂቃ ተዪው» የሚለውን ሳደርግ ደግሞ አስኳሉ አጠገብ ያለው ነጭ ሳይረጋ ይወጣል። አዲስ አበባ ነኝ፤ ምድጃዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ እንቁላሉ ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ። አቼቶ የግድ ነው? ውሃውን ማዞርስ? ቴርሞሜትር የለኝም።

የማለዳ ሺፍት፦
እህቴ፣ መጀመሪያ እንቁላሉን እንይ፣ ውሃው ይቆየን። የእንቁላል ነጭ አንድ ዓይነት አይደለም። አስኳሉን አቅፎ የሚይዝ ወፍራም ነጭ አለ፣ ከዳር ደግሞ እንደ ልቡ የሚፈስ ቀጭን ነጭ አለ። እንቁላሉ በቆየ ቁጥር ወፍራሙ እየቀጠነ ይሄዳል። ውሃው ላይ ተበጣጥሶ የምታዪው ያ ቀጭኑ ነው።

እንቁላሉ ሱቅ ውስጥ ከፍሪጅ ውጪ ስንት ቀን እንደቆየ ስለማይታወቅ ከነቅርፊቱ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቺው። ጎኑን ተኝቶ ከተቀመጠ ለፖችድ ይሆናል። ጫፉ ላይ ከቆመ ቀቅለሽ ብዪው። ከተንሳፈፈ ጣዪው።

ከዚያ እንቁላሉን ስኒ ውስጥ ስበሪ። ድስቱ ላይ በቀጥታ አይሰበርም፤ አስኳሉ ቢፈርስ ወይም ቅርፊት ቢገባ ስኒው ላይ ታዪዋለሽ። ስኒውን ቀዳዳው ደቀቅ ያለ ማጥለያ ላይ ገልብጪውና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በቀስታ እያወዛወዝሽ ያዢው። ቀጭኑ ነጭ ይንጠባጠባል፤ ከቆየ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ሊወርድ ይችላል። የቀረውን ወደ ስኒው መልሺ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ ብባል የምመርጠው ይህንን ማጥለል ነው።

ውሃ፦ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድስት 2 ሊትር ብታደርጊ ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ገደማ ይሆናል፣ ይበቃል። ጥልቀቱ ካነሰ እንቁላሉ ታች ተለጥፎ ይጠፈጠፋል። አፍልተሽ እሳቱን ቀንሺ፤ መንተክተኩ ቆሞ ከታች ጥቃቅን አረፋ አንድ ሁለት እያለ ብቻ ሲወጣ ጊዜው ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀቱን ቶሎ ስለማይለቅ ድስቱን ለአንድ ደቂቃ ከምድጃው ላይ አንስተሽ መልሺው። የስኒውን አፍ ውሃው ላይ አስጠግተሽ እንቁላሉን አንሸራትተሽ አስገቢ። ከላይ ከተለቀቀ ወርዶ ይበተናል።

የፈረንጅ እንቁላል (ከ55 እስከ 60 ግራም) 3 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። የሀበሻው ትንሽ ስለሆነ ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ 30 ሰከንድ ጨምሪ። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥተሽ በጣትሽ ነካ አድርጊው፤ ነጩ ጠንከር፣ መሃሉ ለስለስ ካለ ደርሷል። ውሃውን ንጹሕ ጨርቅ ወይም ደረቅ ዳቦ ላይ አንጠፍጥፊው፤ ካልሆነ ሳህኑ ላይ ውሃ ያቁራል።

ማዞሩ የሚሠራው ለአንድ እንቁላል ብቻ ነው። ሁለተኛውን ስትጨምሪ የመጀመሪያውን ይመታዋል። በደንብ ለተጠለለ እንቁላል ማዞር አያስፈልግም።

ላብ ኮት፦
የ4 ደቂቃው መመሪያ ለምን እንዳልሠራልሽ ልጨምር። ያ መመሪያ የተጻፈው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዳማ 95 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ከ90 ብዙም አይበልጥም። እሳቱን ስታጠፊ 8 ዲግሪ ጎድሎሽ ነው የምትጀምሪው። ከዚያ እንቁላሉም የራሱን ይወስዳል፦ ሁለት እንቁላል 2 ሊትር ውሃን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያወርደዋል፣ አራት እንቁላል በ1 ሊትር ግን ወደ 10 ዲግሪ። ስለዚህ እዚህ እሳቱን አታጥፊ፣ ዝቅተኛው ላይ ተዪው። ማጥፋት ካለብሽም ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ስጪው።

የሚፈለገው የውሃ ሙቀት ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ነው። ነጩ 62 አካባቢ መርጋት ይጀምራል፣ ዋናው ፕሮቲኑ (ኦቫልቡሚን) ግን የሚጠነክረው ወደ 80 ሲጠጋ ነው። አስኳሉ ደግሞ 65 ላይ ወፈር ማለት ይጀምርና 70 ላይ ይረጋል። ውጪው ሙቀቱን ቀድሞ ስለሚያገኝ ነጩ ሲረጋ መሃሉ ገና ይቀራል፤ ደቂቃ የምንቆጥረው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚፈላ ውሃ ከሚፈለገው በ10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚበልጠው፤ ነጩን የሚበጣጥሰው ከሙቀቱ ይልቅ የውሃው መናወጥ ነው።

አቼቶን በተመለከተ፦ አሲድ የነጩ ፕሮቲኖች እርስ በርስ መገፋፋታቸውን ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ተያይዘው ይረጋሉ። ለ1 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ የእንቁላሉ ፊት ይሸበሸባል፣ መኮምጠጡም ይታወቃል። አቼቶ ከሌለ ሎሚ ይሠራል፤ ጣዕሙን ግን ትንሽ ይተዋል።

የማለዳ ሺፍት፦
በአቼቶው ላይ ትንሽ እለያለሁ። ትኩስ እንቁላል ከተጠለለ ያለ አቼቶም ጥሩ አድርጎ ይወጣል፣ ጣዕሙም ንጹሕ ነው። እኔ አቼቶ የምለው እንቁላሉን ካላመንሽው ብቻ ነው።

ዴይራ፦
ዱባይ ወይም ሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ እዚህ የ4 ደቂቃው መንገድ ልክ ነው፣ ውሃው 2 ሊትር እስከሆነና ወፍራም ድስት እስከተጠቀማችሁ ድረስ። የሚፈላ ውሃ ውስጥ በቀጥታ መጨመር ግን እዚህ የባሰ ነው፤ ነጩ ይጠነክርና ይንጨባረራል።

ቁርስ ፈላጊ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ማጥለሉን የትም አላየሁትም ነበር። እንግዳ ሲኖር ስምንት እንቁላል እንዴት አንድ ላይ ይደርሳል? በፌስታል ጠቅልሎ መቀቀልና ማይክሮዌቭስ?

የማለዳ ሺፍት፦
ከዋዜማው ይሠራል፣ የሆቴል ቁርስም እንደዚያ ነው። ሁለት ሁለት እያደረግሽ ለ3 ደቂቃ ብቻ አብስለሽ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቻቸው፤ እዚያው ካልቀዘቀዙ በራሳቸው ሙቀት መብሰላቸውን ይቀጥላሉ። ከቀዘቀዙ በኋላ ውሃ እንደያዙ ፍሪጅ አስገቢ፣ በማግስቱ ይበሉ። ስታቀርቢ ትኩስ ግን የማይፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ ዘለግ አድርጊያቸው። ጫፋቸው ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ በመቀስ ቁረጪ፣ ማንም አያውቅብሽም።

ፌስታሉን አልመክርም። ለሙቀት ያልተሠራ ፕላስቲክ ከምግብ ጋር ማፍላት ነው፣ ቅርጹም የተጨማደደ ይሆናል። ማይክሮዌቭ ላይ ደግሞ አስኳሉ ውስጥ እንፋሎት ይታመቅና ሊፈነዳ ይችላል፣ አንዳንዴ ከወጣ በኋላ ስትወጊው።

ስልስ በዳቦ፦
ውሃው ካስቸገረሽ ስልስ ውስጥ አብስዪው፣ መርሁ አንድ ነው። 2 መካከለኛ ሽንኩርት በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላዪ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ከዚያ 5 የተከተፈ ቲማቲም። ዘይቱ ሲወጣ ግማሽ ስኒ ሙቅ ውሃ መልሺበት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፦ ስልሱ ደረቅ ከሆነ ታች ያርራል፣ እንቁላሉ ከላይ ጥሬ ይቀራል። በማንኪያ ጎድጎድ አድርገሽ እንቁላሉን ከስኒ አስገቢ፣ እሳቱን ዝቅ አድርገሽ ክደኚ፣ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ። ክዳኑ የግድ ነው፤ የላዩን ነጭ የሚያረጋው እንፋሎቱ ነው። አቼቶ አያሻም፣ ቲማቲሙ ራሱ አሲድ አለው። ቃርያ መጨረሻ ላይ።

ላብ ኮት፦
አንድ ነገር ብቻ፦ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን አስኳሉ መርጋት አለበት፣ ሳልሞኔላ በሚባለው ባክቴሪያ ምክንያት። በውሃም ቢሆን በስልስ 2 ደቂቃ ጨምሩና ጠንክሮ ይውጣ። ቅርፊቱን የምታጥቡ ከሆነም ልትሰብሩት ስትሉ እጠቡት፤ ታጥቦ የተቀመጠ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል።